የተቆለፈው የአናቶሚ አዳራሽና የአሥራ ዘጠኙ ወዳቂዎች ጉዳይ

የሞይናዲ ሕክምና ኮሌጅ
ተማሪዎችን በማስተማር ሥራ በንቃት የሚያሳትፈው ኮሚቴ
ሰባተኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ በዝናቡ ወር በስራቦን 11። የሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ስለሆነ ሥራ የጀመረ ሰው አልነበረም።

ቦታ፦ የርእሰ መምህሩ መሰብሰቢያ ክፍል። ጣሪያው ስለሚያፈስ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተጠግቷል። መስኮቱም ስለሚያፈስ ትንሽ ተመልሷል።

ሰዓት፦ ለረፋዱ አራት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ኮሚቴው ድምፅ ያላቸው አምስት አባላት አሉት። በኮሌጁ ደንብ አንቀጽ አራት መሠረት ከአምስቱ አራቱ ካልተገኙ ስብሰባ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ሦስት ሰዎችና አራት ፊርማዎች ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

የአባላት ዝርዝር፦

1. ፕሮፌሰር ሞፋጃል ሶርካር፣ የአናቶሚ ክፍል ኃላፊ፣ ሰብሳቢ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ ሠላሳውን ከአንድ ደብተር።
2. ዶክተር ሹሚትራ ሻሃ፣ ከፊዚዮሎጂ። በተባለው ሰዓት ስለመጡ አንድ ሰዓት ከሩብ ዝናብ ሲያዩ ቆይተዋል።
3. ዶክተር ጎላም ሞርሸድ፣ ከኅብረተሰብ ጤና። መጥተዋል፤ ፈርመዋል፤ ደግመውም ፈርመዋል።
4. ዶክተር ኤክራሙል ሃክ፣ ከባዮኬሚስትሪ። ፊርማቸው ተገኝቷል። ሰብሳቢው «ፈርሞ ወደ ሥራው ሄደ» ብለው ያምናሉ።
5. የተማሪዎች ተወካይ። ወንበሩ ተገኝቷል። ተወካዩ ማን ይሁን የሚለው ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ በጥናት ላይ ስለሆነ፣ ወንበሩ ላይ የሰብሳቢው ጃንጥላ ይቀመጣል።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሞንታጅ አሊ፣ የኮሌጁን ደንብ በቃሉ የሚያውቅ፤ እና ጎፓል ዳስ፣ ሁላችንም «ዳ»፣ ማለትም ታላቅ ወንድም፣ ጨምረን ጎፓል ዳ የምንለው፣ የአናቶሚ አዳራሽ ጠባቂ። ጎፓል ዳ በአስከሬኖቹ መካከል ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሲሆን ቁልፉን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ በር ላይ ቆሟል። ወንበር አልጎደለም፤ የተረፈው ግን በጃንጥላው ተይዟል።

ጸሐፊ፦ ጁልፊከር፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ የስም ጥሪ ቁጥር 88። ተማሪዎችን በንቃት በማሳተፍ መርህ መሠረት እንዲጽፍ ተመርጧል። እንዲናገር አልተመረጠም።

ከአጀንዳው በፊት ሊመዘገብ የሚገባው ጉዳይ፦ ባለፈው የአናቶሚ ፈተና ከመቶ ሃያ ተማሪዎች አሥራ ዘጠኙ ወድቀዋል። ማሟያ ፈተናው የዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው። በዚያም የወደቀ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል፤ ሌላ ዕድል የለም። ጸሐፊው ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ነው። ይህ ነገር አጻጻፉን እንዳያዛባው ጸሐፊው ራሱን በጥብቅ አስጠንቅቋል።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፉትን ውሳኔዎች ማስታወስ

ሞንታጅ አሊ ያለፉትን ስድስት ስብሰባዎች ውሳኔዎች አነበበ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ስብሰባ፣ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስከሬኑን «በመነካካት እንዳያበላሹት» የአናቶሚ አዳራሹ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እንዲቆለፍ ወስኗል። አምስተኛው ስብሰባ ደግሞ ታንጂላ የተባለች የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በማደሪያው መመገቢያ ቤት ለወዳቂዎቹ የምትሰጠውን ትምህርት ከልክሎ፣ የራሷ የሆነውን አንድ ሣጥን የሰው አጥንት ወርሷል። አጥንቱን ታንጂላ ከበላይዋ ተማሪ ነው የገዛችው፤ ያቺም ከበላይዋ፤ በኮሌጃችን አጥንት እንዲህ ነው የሚወረሰው። ከሟቹ ባለቤቱ በስተቀር ሁሉም ያውቀዋል።

ዶክተር ሹሚትራ አንድ ጥያቄ አለኝ ብለው ጠየቁ፦ «ይኼ ኮሚቴ ተማሪዎችን ለማሳተፍ አይደል የተቋቋመው? እስካሁን በንቃት ሲሳተፍ ያየሁት ጓጉንቸሩን ብቻ ነው።»

ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገለጹ። ዶክተር ሹሚትራ የአጀንዳው ርእስ ምን እንደሆነ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበ። ሰብሳቢው ርእሱም ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ገለጹ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ያለፉት ውሳኔዎች በሙሉ እንዲጸኑ ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ ቁርስ ገባ። በእያንዳንዱ ሣጥን ሳምቡሳ የሚመስል ሁለት ሲንጋራ፣ አንድ ሙዝና ሾንዴሽ የሚባል አንድ የወተት ጣፋጭ አለ። ሣጥን የሚታደለው በፊርማ ልክ ስለሆነ ዶክተር ሞርሸድ የዶክተር ኤክራሙልን በአደራ ተረክበዋል። አደራው በሁለተኛው ሲንጋራ ላይ እንደደረሰ ውይይቱ ቀጠለ።

አጀንዳ ሁለት፦ «ንቁ» ማለት ምን ማለት ነው?

ዶክተር ሞርሸድ «ትርጉም ሳይሰጡ መወሰን በጨለማ ጢም እንደ መላጨት ነው» ካሉ በኋላ ትርጉም አቀረቡ። በዚህም መሠረት ንቁ ተማሪ ማለት ዓይኑ የተከፈተና እጁ ከትከሻው በላይ ያልወጣ ነው። ከትከሻ በላይ የወጣ እጅ ንቃት ሳይሆን ድፍረት ነው።

ዶክተር ሹሚትራ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ተማሪ እንዳለ አስታወሱ። (ጸሐፊው በዚህ ቦታ ቀና አላለም።)

ዶክተር ሞርሸድ በተኙና በነቁ ተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ንዑስ ኮሚቴውም በአራት ወር ውስጥ ሪፖርት እንዲያቀርብ ሐሳብ ሰጡ። በተጨማሪም ተማሪዎች በንቃት እንዲጠይቁ ለማበረታታት፣ ጥያቄ ያለው ተማሪ በሦስት ቅጂ ቅጽ ሞልቶ ጥያቄው ከመፈጠሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባ አሉ።

ሞንታጅ አሊ ቅጹ ሲታተም ወር ይፈጃል አለ። «እንግዲያው ወር ሙሉ አይጠይቁ» ተባለ።

በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዶክተር ኤክራሙልም ደግፈዋል፤ ድጋፋቸውን በዶክተር ሞርሸድ በኩል ነው የሰጡት። ዶክተር ሹሚትራ «በሙሉ ድምፅ» ውስጥ የእኔ ድምፅ የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ሰብሳቢው ዝም ያለ እንደ ደገፈ ይቆጠራል አሉ። ዝም አላልኩም ቢሉ፣ እሱ ራሱ ንቁ ተሳትፎ ስለሆነ ይመሰገናሉ ተባሉ።

አጀንዳ ሦስት፦ የታንጂላ ጉዳይ

ታንጂላ ተጠርታ ገባች። ጃንጥላ ስለሌላት ርሳለች። በእጇ ሁለት ጥቅል ክር ይዛለች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ። የታችኛው ዓመት ሁሉ ታንጂላ አፓ፣ ታላቅ እኅት ታንጂላ፣ ነው የሚላት። በዚህ ክፍል ውስጥ ግን «አንቺ» ተብላለች።

ሰብሳቢው «አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታስተምሪው?» ሲሉ ጠየቁ።

ታንጂላ፦ «ማንም አይደለሁም ሰር። ባለፈው ዓመት እኔም ወድቄ ነበር። ምን እንዳልገባኝ አልረሳሁም።»

ሰብሳቢው የወደቀ ሰው ማስተማር እንደማይችል ገለጹ። ዶክተር ሹሚትራ ግን ጉድጓዱ የት እንዳለ የሚያውቀው የገባበት ነው አሉ። ሰብሳቢው ሙዝ ላጡ።

ታንጂላ ዘዴዋን እንድታስረዳ ተፈቀደላት። ቀዩ ክር የደም ሥር፣ ቢጫው ነርቭ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ክሩን በጓደኛው ክንድ ላይ እያሰረ መንገዱን ያስረዳል። ደብተር ማየት የለም። የተሳሳተ ሰው አይሰደብም፤ ግን ነገ የሚያስተምረው እሱ ነው።

«እንዴ! የተሳሳተው ነው የሚያስተምረው?» ሲሉ ዶክተር ሞርሸድ ተገረሙ።

«አዎ ሰር። ነገ እንደሚያስተምር ካወቀ ማታ ያጠናል።»

ዶክተር ሹሚትራ ዘዴው እዚሁ እንዲሞከር፣ የኮሚቴው አባላትም እንደ ተማሪ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ተስማሙ። የተስማሙት ልጅቷን ለማሳፈር እንደሆነ ጸሐፊው ከፈገግታቸው ተረድቷል፤ ነገር ግን ፈገግታ በቃለ ጉባኤ ስለማይገባ አልመዘገበውም።

ታንጂላ፦ «ሰር፣ ክርናችንን ጠረጴዛ ሲመታን ትንሿ ጣታችንን የሚነዝረን ነርቭ የትኛው ነው?»

ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን ከብብት እስከ ጣት ሳይተነፍሱ አነበነቡ። ነርቩ በክርን ላይ ከውስጠኛው ጉብታ ጀርባ እንደሚያልፍ ተናገሩ። የገጹን ቁጥርም ጨመሩ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ዶክተር ሞርሸድ አጨበጨቡ።

ታንጂላ ቢጫውን ክር ዘረጋችላቸው። «በጣም ጥሩ ሰር። አሁን በራስዎ ክንድ ላይ ያሳዩኝ።»

ሰብሳቢው የውጭውን ጉብታ ያዙ።

 ታንጂላ ክሩን እንደዘረጋች ጠበቀች።

ጎፓል ዳ ከበሩ ላይ፦ «ሰር... በዚያኛው በኩል ነው።»

ሰብሳቢው አንተን ማን ጠየቀህ አሉት። ጎፓል ዳ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም ቀረብ ብሎ ክንዳቸውን በአክብሮት ገልበጥ አደረገና በቁልፉ ጫፍ ቀስ አድርጎ ነካ አደረጋቸው። ሰብሳቢው «ኡህ!» የሚል ድምፅ አሰምተዋል። ዶክተር ሹሚትራ ይህ የድጋፍ ድምፅ ሆኖ ይመዝገብ ወይ ብለው ጠየቁ። አይመዝገብ ተባለ።

ታንጂላ፦ «በእኛ ደንብ ሰር፣ ነገ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት።»

ሰብሳቢው፦ «እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እያስተማርኩ ነው!»

ዶክተር ሹሚትራ፦ «እንግዲያማ ደንቡ ድሮም ይሠራል ማለት ነው።»

በዚህ ቦታ የተባባሉት በሁለት ገጽ የሚጻፍ ቢሆንም «ጠንከር ያለ የሐሳብ ልውውጥ ተደርጓል» ተብሎ እንዲያልፍ ተወስኗል። ከልውውጡ መካከል ሰብሳቢው፦ «እኔ ስማር አስከሬኑን ያየሁት ከአርባ ሰው ትከሻ ኋላ በጣቴ ቆሜ ነው። ያነበብኩትን ነው ያስተማርኩት። አሁን ደግሞ ተማሪ ካስተማረ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ሲሉ የተናገሩት፣ ወዲያው እንዲሰረዝ ስላዘዙ እዚህ አልተጻፈም።

አጀንዳ አራት፦ የስም መጥሪያው መዝገብ

ሰብሳቢው ተማሪዎች ያለ ክርና ያለ ጨዋታ በንቃት እየተሳተፉ መሆኑን በማስረጃ አሳያለሁ አሉ። በዚሁ ሰዓት ረዳታቸው በትልቁ አዳራሽ እያስተማሩ ስለሆነ የዛሬው መዝገብ እንዲመጣ አዘዙ። መጣ። ከመቶ ሃያ ተማሪዎች መቶ ሃያው ተገኝተዋል።

ሰብሳቢው መዝገቡን ከፍ አድርገው አሳዩ። «አንድም የቀረ የለም! ይኼ ነው ተሳትፎ!»

ዶክተር ሹሚትራ መዝገቡን ተቀብለው ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱ። ሰማንያ ስምንት ላይ ቆሙ። ጸሐፊውን አዩ። መዝገቡን አዩ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያይ ተገኘ።

ሰብሳቢው፦ «አንተ ልጅ፣ አሁን እዚህ ነህ ወይስ እዚያ?»

ጸሐፊው እንዲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተፈቀደለት «ሰር፣ በሁለቱም ተመዝግቤያለሁ» ሲል መልሷል።

በተደረገው ማጣራት በአዳራሹ ያሉት ተማሪዎች አሥራ አራት መሆናቸው ታውቋል። መቶ ስድስቱ በሌላ ሰው አፍ «አለሁ ሰር» ብለዋል። ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ ቁጥር 12 በወፍራም፣ በቀጭንና በጉንፋን ድምፅ ለስምንት ሰው ይመልሳል፤ ቁጥር 31 የሴቶቹን ይሸፍናል። ታንጂላ፣ በክፍል ከታየው ንቁ ተሳትፎ ሁሉ ይበልጥ ልምምድ የሚጠይቀው ይህ ነው ብላ ሐሳብ ልትሰጥ ስትል አልተፈቀደላትም።

ሰብሳቢው ተነሥተው ቆሙ። የሚከተለው ቃል በቃል እንዲጻፍ አዘዋል፦ «በሌላው አፍ አለሁ ማለት ሌብነት ነው! ተማሪ ይሁን ፕሮፌሰር ልዩነት የለውም። እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ጉባኤ እንዳልተካሄደ ይቆጠራል! ጽፈሃል?»

ጸሐፊው ጽፏል። አስምሮበታልም።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ዶክተር ሞርሸድ ለራሳቸው አንድ ጊዜ፣ ለዶክተር ኤክራሙል አንድ ጊዜ እጃቸውን አንሥተዋል።

አጀንዳ አምስት፦ ውሳኔ

ሰብሳቢው የሚከተለውን አቀረቡ፦ ሀ) ታንጂላ ያለ ፈቃድ በማስተማሯ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ትታገድ፤ ለ) አጥንቱ እንደተወረሰ ይቆይ፤ ሐ) አዳራሹ እስከ ማሟያ ፈተናው ድረስ ቀኑን ሙሉ ይቆለፍ።

ዶክተር ሹሚትራ ተቃወሙ። ከታንጂላ ጋር ሁለት ሳምንት ያጠኑት አሥራ ዘጠኝ ልጆች ባለፈው ሳምንት በፊዚዮሎጂ ክፍል ሲጠየቁ ከቀሩት መቶ አንዱ ሁሉ በልጠው መመለሳቸውን በወረቀት አሳዩ። ሰብሳቢው ወረቀቱ በሦስት ቅጂ አልቀረበም አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ሰብሳቢው ደገፉ። ዶክተር ሹሚትራ ተቃወሙ። ዶክተር ሞርሸድ ልማዳቸው ስለሆነ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ቀሪው የዶክተር ኤክራሙል ድምፅ ነው። ሰብሳቢው ዶክተር ሞርሸድን ትኩር ብለው አዩአቸው። ዶክተር ሞርሸድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ በበኩሌ ሐሳብ የለኝም፤ ዶክተር ኤክራሙል ግን በጣም ይደግፋሉ» አሉ።

ሁለት ለአንድ ተወሰነ።

ታንጂላ አልተከራከረችም። ክሩን በጣቷ ላይ እየጠቀለለች «እሺ እኔስ ልውጣ፤ አሥራ ዘጠኙን ማን ያስጠናቸዋል?» አለች።

«ደብተር አለ» ተባለች።

«ደብተሩ እኮ ነው የጣላቸው ሰር።»

ወደ በሩ ሄደች። ጎፓል ዳ ሊከፍትላት ሲል በሩ ከውጭ ተከፈተ።

ከአጀንዳ ውጭ የተከሰተ ጉዳይ

ዶክተር ኤክራሙል ሃክ፣ ከባዮኬሚስትሪ፣ እንደ ራሰ ዶሮ ሆነው ገቡ። በዝናቡ ምክንያት ጀልባው ስለቀረ ወንዙን ተሻግረው ወደ ግል ክሊኒካቸው መሄድ አልቻሉም። «ዛሬ ስብሰባ አለ፣ ሲንጋራም አለ አሉኝ» ሲሉ አስረዱ። ከዚያም ዙሪያውን አይተው «የመሰብሰቢያው ክፍል እዚህ ነው እንዴ? እኔ እኮ መጋዘን ይመስለኝ ነበር» አሉ። የሰብሳቢውን ጃንጥላ አንሥተው በተማሪዎች ተወካይ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ዶክተር ሞርሸድ ሁለተኛውን ሣጥን ከጠረጴዛ በታች ገፋ አደረጉት።

ዶክተር ኤክራሙል፦ «እሺ ሞርሸድ፣ እስካሁን ምን ወሰንኩ?»

ዶክተር ሞርሸድ፦ «ቀላል ነገር ነው ወንድሜ። በኋላ እነግርሃለሁ።»

ዶክተር ሹሚትራ፦ «ይህችን ልጅ ለአንድ ዓመት አግደዋታል። በእርስዎ ድምፅ ነው ያለፈው።»

ዶክተር ኤክራሙል ወደ በሩ ዞረው ታንጂላን አዩአት። «ማንን? ታንጂላን? አብደሃል እንዴ አንተ ሞርሸድ! የእኅቴ ልጅ እኮ ከአሥራ ዘጠኙ አንዱ ነው! በዚያ ክር እጁን ሲያስር ሲፈታ ነው የሰነበተው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር ገባኝ አለኝ። እኅቴ ብትሰማ ቤቷ ታስገባኛለች?»

ዶክተር ሞርሸድ «ድምፅህን ስሰጥልህ የእኅትህ ልጅ መኖሩን አልነገርከኝም» ብለው ራሳቸውን ተከላክለዋል።

ሰብሳቢው ቀስ ብለው የፊርማ ወረቀቱን አነሡ። ፊርማውን አዩ። ሰውየውን አዩ፤ ውሃው ገና ከጢማቸው ይንጠባጠባል። «ዶክተር ኤክራሙል፣ አሁን ነው የገቡት?»

«አሁን ነው።»

«ባለፈው ስብሰባስ?»

«የቱ ባለፈው?»

ሞንታጅ አሊ የስድስቱንም ስብሰባዎች የፊርማ ወረቀት አወጣ። በስድስቱም ላይ የዶክተር ኤክራሙል ፊርማ አለ። ዶክተር ኤክራሙል መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ከመረመሩ በኋላ ከእኔ ፊርማ ይልቅ ያምራል ሲሉ መሰከሩ። ቀጥለውም «የስድስት ስብሰባ ሣጥኔስ? አሥራ ሁለት ሲንጋራ ነው! ማን በላው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ ዶክተር ሞርሸድ ሆድ ተመለከተ። በዚህ ላይ ውሳኔ አልተላለፈም፤ ማስረጃው ስለሚታይ አላስፈለገም።

ዶክተር ሹሚትራ ሰብሳቢው በአጀንዳ አራት ቃል በቃል ያስጻፉት እንዲነበብ ጠየቁ። ጸሐፊው አነበበ። የተሰመረበትን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሁለተኛውን ማንም አላዘዘውም።

ሞንታጅ አሊ፦ «የሰብሳቢው ንግግር እንኳ ባይኖር በደንቡ አንቀጽ አራት መሠረት አራት ሰው በአካል ሳይገኝ የተወሰነ ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። እስከ ዛሬ በአካል ሦስት ነበርን... ነበራችሁ።»

ሰብሳቢው ፊታቸው ቀላ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ቆጥረው አለመሳሳታቸውን፣ ተማሪ ያታልለኛል ብለው ቢጠብቁም የሥራ ባልደረባ ያታልለኛል ብለው በሕልማቸው አለማሰባቸውን፣ በሌላው አፍ የተባለ ነገር በእርሳቸው መዝገብ ላይ እንደማይቀር በቁጣ ገለጹ። ከዚያም በሩ እስኪንቀጠቀጥ ጠረጴዛውን መትተው «ይሰረዝ! ሁሉም ይሰረዝ! ጻፍ!» አሉ።

ሞንታጅ አሊ ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ ጠየቀ፦ «የዛሬው ብቻ ሰር?»

«ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው!»

«ሦስተኛውም?»

«ሦስተኛውም!»

«ስለ አዳራሹ ቁልፍ የሚለውም? አምስተኛውስ፣ የአጥንቱ ጉዳይ?»

ሰብሳቢው በዚህ ቦታ መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። በታንጂላ ላይ የወሰኑትም ሁሉ አብሮ እንደሚሰረዝ የገባቸው መሰለ። ዶክተር ሹሚትራ ወደ መስኮቱ ዞረው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ፕሮፌሰር ሶርካር አንድ ቃል ተናግረው አያጥፉም፤ ተማሪዎቻቸው ሁሉ የሚያውቁት ነው» አሉ። ሰብሳቢው ታንጂላን፣ ጎፓል ዳን፣ ከዚያም ያንን ክርናቸውን አዩ። አሻሹት።

«አንድም ሳይቀር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰርዝ።»

የመጨረሻ ውሳኔ

ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት አባላት በአካል በተገኙበት፣ ኮሚቴው እስከ ዛሬ የወሰነው ሁሉ፣ የዛሬው እገዳም፣ የአምስተኛው ስብሰባ የአጥንት ውርስም፣ የሦስተኛው ስብሰባ ቁልፍም፣ «ንቁ» የሚለው ቃል ትርጉምም ሳይቀር፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አራቱም በየራሳቸው እጅ ፈርመዋል። ዶክተር ሞርሸድ አንድ ጊዜ ብቻ ፈርመው ብዕሩን ከለመዱት ቶሎ መልሰዋል።

ጎፓል ዳ «እኔ ያለ ወረቀት በር አልከፍትም» በማለቱ ቅጂ ተሰጥቶታል። ወረቀቱን ገልብጦ ማኅተሙን አየ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ የአጥንቱን ሣጥን ከቁምሣጥኑ ላይ አውርዶ ተሸከመና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ። ታንጂላ ተከተለችው።

ሰብሳቢው «ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ከኋላው ጠሩት።

«ወረቀት ደርሶኝ ነው ሰር።»

«የማን ወረቀት?»

«የእርስዎ።»

ስብሰባው ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ተፈጽሟል። ሰብሳቢው ጃንጥላቸውን ረስተው ወጥተዋል። «ያልተነካ» የተባለ አንድ ሣጥን በጠረጴዛው ሥር ተገኝቶ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ባለቤቱም ቆጥሮ አንድ ሲንጋራ ይጎድላል ብሏል።

ጸሐፊው ይህን የመጨረሻ መስመር የጻፈው ቆሞ ነው። ከታች አዳራሹ ተከፍቷል፤ ታንጂላ አፓ ስም መጥራት ጀምራለች፤ ሰባ አንድ ላይ ደርሳለች። ከወዳቂዎቹ መካከል ቀጥሎ የሚጠራው የጸሐፊው ቁጥር፣ ሰማንያ ስምንት፣ ስለሆነ ሌላ አፍ ሳይቀድመው ራሱ ደርሶ «አለሁ» ማለት አለበት።

ጁልፊከር፣ ጸሐፊ
(በራሱ እጅ የተፈረመ)